መሐሉ የጠፋው ዝናብ

ሌባው ጨዋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሐር ጨርቅና ተተኩሰው የተሰቀሉ ሙሉ ልብሶች እያሉለት፣ መስታወት ሰብሮ ገብቶ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሰፍቶ ያላለቀ የሙሽራ ቀሚስ። ያውም ባለ አንድ እጅጌ። ሁለተኛው እጅጌ ተፈትቶ፣ አጥሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ከመቀሱ ጎን ቀርቷል።

ኢንስፔክተሩ ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሲደርስ በመጀመሪያ የገባው ሆዱ ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ እሱ ሁለተኛ ነው። የመስታወቱን ስብርባሪ ጫማው ሥር እያንኮሻኮሸ ዙሪያውን ተመለከተ። የልብስ ሰፊዋ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

“ጠላት አለዎት?” ሲል ጠየቃት።

“ቀጠሮ ያሳለፍኩባቸው ደንበኞች ሁሉ ጠላቶቼ ናቸው። ግን ይህን ያህል የሚጨክን የለም። ሰርጉ እሑድ ነው እኮ!”

ኢንስፔክተሩ እጅጌውን አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። ነጭ አይደለም፤ ያደረ ወተት የሚመስል ቀለም ይዟል።

“አዲስ ጨርቅ ነው?”

“ደንበኛዬ ያመጣችልኝን ነው የምሰፋው” አለችና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። እሱም አልገፋትም፤ ነገሩን በልቡ ያዘው።

መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ከቀረው የመስታወት ጥርስ ላይ፣ የቢጫ ዝናብ ልብስ ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ቁራጯን በጥንቃቄ አላቆ ኪሱ ከተተና ጎረቤት ወዳለው ፀጉር ቤት ገባ። ፀጉር አስተካካዩ የኢንስፔክተሩን ጢም ለዓመታት የላጨ ሰው ስለሆነ በመካከላቸው “እርስዎ” የሚባል ነገር የለም። መጠየቅም አያስፈልገውም፤ ሳይጠየቅ ይናገራል።

“ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው!” አለ። “መብራት ጠፍቶ በባትሪ የምትሠራዋን ሬዲዮዬን ከፍቼ ነበር። ዜናው ሊጀምር ሲል መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ኮቴ፣ ከዚያ ጸጥ።”

“ሰምተህ ዝም አልክ?”

“ደንበኛዬ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ነበር፤ ጥዬው ልሩጥ? ደግሞ ነፋስ የመታው መሰለኝ። ሌላም ልንገርህ። ሰኞ ዕለት የሙሽሪት እጮኛ፣ ያ የአውቶቡስ መካኒክ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሲጮህ ነበር። ‘አይሆንም! ይሄ ቀሚስ አይሆንም!’ እያለ። ቢጫ ዝናብ ልብስ ለብሶ።”

ይህ ሁሉ ለአንድ ጠዋት መልካም ምርት ነው። ሥራው ግን እንዲህ ሲቀልለት ኢንስፔክተሩ ይጨንቀዋል።

*

መካኒኩ የተገኘው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በአውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ አውቶቡስ ሥር ነው። እግሮቹን ጎትቶ ሲወጣ ፊቱ ሁሉ የሞተር ግራሶ ነበር። ዝናብ ልብሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ቢጫ፣ ከጎኑ የተቀደደ።

“ይሄ ምን ሆነ?”

“የአውቶቡስ በር ያዘብኝ።”

ኢንስፔክተሩ ቁራጯን አውጥቶ ከቀዳዳው ጋር ቢያገጥማት ከላይ ትገጥማለች፣ ከታች እንቢ ትላለች። ሊምል አይችልም፤ ሊክድም አይችልም።

“ሰኞ ምን ነበር ያስጮኸህ?”

“የቤተሰብ ጉዳይ ነው።”

“ቤተሰብ የምትሆነው እሑድ አይደለም እንዴ?”

መካኒኩ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። “ጌታዬ፣ ቃል የገባሁበት ነገር አለ። ይህን አይጠይቁኝ። ቀሚሱን ግን አልነካሁም። ማክሰኞ ጓደኞቼ ዝናቡን ፈርተው ቀደም ብለው ሄደዋል፤ እኔ ብቻዬን እዚህ ነበርኩ። ደግሞስ እንዴት እሻገራለሁ? ሐዲዱ ሥር ያለው መንገድ በጎርፍ ተሞልቶ ነበር እኮ፤ ድልድዩም ለጥገና ተዘግቷል።”

“ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞላው?”

“እሱን አላየሁም።”

እውነቱን ለመናገር ኢንስፔክተሩ ልጁን ወዶታል። ሲዋሽ የሚያፍር ሰው ፊት ያውቃል፤ ይህ ልጅ ያፈረው በዝምታው እንጂ በውሸት አልነበረም። ግን መውደድ ማስረጃ አይሆንም። አዛዡም በስልክ “ዓርብ ፍርድ ቤት ይቅረብ” ብሎ ዘጋው። መካኒኩ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ የአውቶቡሱን መፍቻዎች በቦታቸው ደርድሮ፣ ከፖሊሶቹ ጋር ሄደ።

ከዚያ በኋላ ኢንስፔክተሩ ጎርፉ ያ መንገድ ላይ መቼ እንደሞላ ለማወቅ ሰፈሩን አንድ ባንድ ጠየቀ። አንዱ “ወዲያው ሞላ” ይላል፣ ሌላው “ከመሸ በኋላ ነው”፣ ሦስተኛው ጭራሽ ከዓመት በፊት የነበረውን ጎርፍ ይተርክለታል። በመጨረሻ አንዲት የአትክልት ሻጭ “ለምን የፍሳሽ መሥሪያ ቤት አትጠይቅም? እነሱ ዝናብን በኮምፒውተር ያዘንባሉ አሉ” አለችው።

*

ዝናብ በኮምፒውተር የሚያዘንበው ሰው መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ባልደረቦቹ “ጋሽ ደመና” ነው የሚሉት። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ለእንግዳ ወንበር ከመስጠቱ በፊት በእጁ የሚጠርግ ሰው ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ የከተማው የቱቦ ካርታዎች ሳይታጠፉ የሚቀመጡበት ሰፋፊ መሳቢያ ያለው የብረት ቁምሳጥን ቆሟል። በሩ ጎን ሚስማር ላይ የሠራተኛው ሁሉ ቢጫ ዝናብ ልብስ ተደርድሯል፤ አራቱ በፀሐይ የደበዘዙ፣ አንዱ የሚያብረቀርቅ አዲስ።

“ጣሪያ ላይ ያለው መለኪያ የቀኑን ድምር ብቻ ነው የሚነግረን” አለ ጋሽ ደመና። “በየሰዓቱ የሚመዘግበው መሣሪያ ከተበላሸ ቆየ። ስለዚህ ድምሩን ለፕሮግራሙ እንሰጠዋለን፤ በየሰዓቱ የሚያከፋፍልበትን መልክ ደግሞ እኛ እንወስናለን።”

“አልገባኝም።”

ጋሽ ደመና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጆግ አነሳ። “ይህን ጆግ ሳህን ላይ ቀስ ብዬ ባፈስሰው ሳህኑ ጎን ባለው ቀዳዳ ይወጣል፤ አይሞላም። ባንዴ ብገለብጠው ጠረጴዛው ይጥለቀለቃል። ውሃው ያው ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።” ጆጉን ሲያስቀምጥ ጠብታ አላፈሰሰም። “ይህን መስመር ይመልከቱ፤ እስከ እያንዳንዱ ሰዓት ከቀኑ ዝናብ ስንት በመቶ እንደወረደ ያሳያል። ከዜሮ ይነሳል፣ መቶ ላይ ያርፋል። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ዶፍ ነው፤ ዘመም ሲል ካፊያ። የፈለጉትን ያህል ቢያጣምሙት መጨረሻው መቶ ነው።”

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ገና ከመነሻው ሽቅብ ይወጣና ወደ መጨረሻው ቀስ እያለ ይተኛል።

“ስለዚህ ማክሰኞ?”

“ዶፉ የወረደው መጀመሪያ ላይ ነው። ሐዲዱ ሥር ያለው መንገድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ሞልቷል። ድመት እንኳ አያልፍም።” ከዚያ እንደዋዛ ጠየቀ፤ “ያሰሩት ልጅ ማዶ ነው የሚሠራው አሉ፤ እንግዲህ ይፈታል ማለት ነው?”

“ይህ ከሆነ ይፈታል።” ኢንስፔክተሩ ለልማዱ ያህል ጨመረ፤ “እርስዎ ያን ቀን የት ነበሩ?”

“እዚሁ። መስኮት እንደሌለው ያያሉ። ዝናብ መኖሩን ያወቅኩት ማታ ስወጣ ጫማዬ ሲረጥብ ነው።” ሁለቱም ሳቁ።

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ነገ የማስፈቻ ወረቀቱን ይፈርማል፣ ልጁ ለሰርጉ ይደርሳል፣ ሌባውን ደግሞ ቀስ ብሎ ይፈልጋል።

*

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ጣቢያ ከመመለሱ በፊት ጢሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ። ፊቱ አረፋ ሲለብስ ሰማዩ ተቀደደ። የፀጉር ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዶፉ ሲወርድበት ሌላ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ እንደወትሮው ወሬውን አላቋረጠም፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ምላጩም ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል ግን አይሰማም።

ኢንስፔክተሩ እጁን ያዘው። ጆሮው ላይ ጮኸ፤ “ማክሰኞ ዝናቡ እንዲህ ነበር?”

“ምን?”

“ማክሰኞ! መስታወቱ ሲሰበር!”

“ምን ሲበር?”

ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ተቀመጡ። ዶፉ ጋብ እስኪል ኢንስፔክተሩ፣ አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ፣ ሲያስብ ቆየ። በዚህ ጣሪያ ሥር በዶፍ ጊዜ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ይህ ሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስታወት ሰምቷል፣ ኮቴ ሰምቷል፣ የዜናውን መጀመሪያ ሰምቷል። በጋሽ ደመና መስመር ላይ ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዝናቡ አንድም ጊዜ አላቋረጠም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

“አንተ ሰውዬ፣ ይህ ብርድ ልብስ ዛሬም አልደረቀም! ማክሰኞ ‘አባርቷልና መልሰህ አስጣው’ ስልህ ሰማህ፤ ‘መጣ፣ አስገባው’ ስልህ ግን ተኝተሃል። ዶፉ ሁሉ በላዩ ላይ ወረደበት!”

“የኔ እመቤት፣ አንዴ ድገሚልኝ። ያባራው መቼ ነበር?”

“ልታሾፍብኝ ነው?”

“በልጆቼ አላሾፍም።”

“ካፊያው ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያ አስር ሰዓት ግድም ዶፉ መጣ። ረሳኸው? በዕረፍት ቀንህ የሠራኸው ብቸኛ ሥራ እኮ ነው!”

ኢንስፔክተሩ ሚስቱን በዚያች ቅጽበት ከሠርጋቸው ቀን ይልቅ ወደዳት። ከዚያ ግን ሰዓቱን ማስላት ጀመረ። ዶፉ የወረደው አስር ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ክፍት ነበር። መካኒኩ ሊሻገር ይችል ነበር። ይህን ለአዛዡ ከተናገረ ልጁ ነገ ፍርድ ቤት ነው፤ ሰርጉም ቀረ። ካልተናገረ ደግሞ በውሸት ዝናብ ሰው ፈታ ማለት ነው።

አንድ ሰው ለዚህ ልጅ ሲል ዝናብ አጣሟል። ለእሱ ሲል ይህን የምታስደርግ ማን ናት? ኢንስፔክተሩ ጢሙን በግማሽ እንደተላጨ ወደ ሙሽሪት ሄደ።

*

ሙሽሪት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ኢንስፔክተሩን ስታይ የያዘችውን ሽሮፕ ለደንበኛው ሰጥታ ወደ ጓዳ አስገባችው። ያልተላጨውን ጉንጩን አይታ ለመሳቅ የሚሆን ልብ አልነበራትም።

“ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምታውቂው ሰው አለ?” አላት ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ።

ደነገጠች። “አባቴ። ምን ሆነ?”

“አባትሽ?”

“ሰፈሩ ጋሽ ደመና ነው የሚለው። ምነው፣ አሞት ነው?”

ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ያለው የካርቶን ክምር ላይ ቁጭ አለ። ካርቶኑ ተጨፈለቀ።

“አላመመውም። ልጄ፣ እጮኛሽ እስር ቤት የተቀመጠው አንድ ነገር አልናገርም ብሎ ነው። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ንገሪኝ።”

እንባዋ ቀደማት። “ቀሚሱ የእናቴ ነው። የሠርጓ። ከሞተች ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አባዬ ዝናብ በጣለ ቁጥር ብቻውን ከፍቶ ያየዋል፤ የማላውቅ መስሎት። ለሰርጌ በልኬ አሰፍቼው፣ እሱ ሳያውቅ፣ እሑድ ጠዋት ለብሼው ፊቱ ልቆም ነበር። ስጦታዬ ይህ ነበር። እጮኛዬ ሰኞ ሱቅ መጥቶ እጅጌው ሲቆረጥ አይቶ ተቆጣ። ‘አይሆንም! ይሄ ቀሚስ አይሆንም፤ አባትሽ ሳይፈቅዱ መቀስ አይነካውም!’ አለ። ‘እንዳትነግረው’ ብዬ አስማልኩት።”

“እና አሁንም መሐላውን ጠብቆ ተቀምጧል።”

“እሱ እንደዚያ ነው” አለች፤ በኩራት ይሁን በብስጭት አልለየለትም። ምናልባት በሁለቱም ነው።

*

ጋሽ ደመና ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጠው። ኢንስፔክተሩ በሩ ጎን የተሰቀሉትን ዝናብ ልብሶች አንዴ አየና ስክሪኑን አሳየው።

“ጋሼ፣ ይህን መስመር ማስተካከል ይቻላል?”

“ሥራዬ እሱ አይደል።”

“እንግዲያው መሐሉ ላይ ያባሩልኝ። ሚስቴ ያን ቀን ባባራ ጊዜ ብርድ ልብስ እንዳሰጣ አዝዛኛለች፤ እኔን ባያምኑ እሷን ይመኑ፣ እሷ አትሳሳትም።”

ሽማግሌው ሳቅ ብሎ እጁን ዘረጋ። የሚወደውን ሥራ ሲሠራ ሰው ጥንቃቄውን ይረሳል። መስመሩን ነጥብ በነጥብ ያዘና ዝቅ አደረገው፤ መጀመሪያውን ካፊያ አደረገ፣ ከስምንት ተኩል በኋላ ጠፍጣፋ አስተኛው፣ ዘጠኝ ሰዓትን አሳለፈ፣ አስር ሰዓት ላይ ሽቅብ ሰቀለው። ድምሩን አየ፤ መቶ። ፕሮግራሙን አስኬደው። ካርታው ላይ ሐዲዱ ሥር ያለው መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ነው፤ አስር ሰዓት ሲያልፍ ሰማያዊ ሆነ።

“እጅዎ የተባረከ ነው” አለ ኢንስፔክተሩ በለሰለሰ ድምፅ። “ግን ጋሼ፣ አባራ አልኩዎት እንጂ መቼ እንዳባራ አልነገርኩዎትም።”

የሽማግሌው እጅ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሳ።

“ከዚህ መስኮት ከሌለው ክፍል አልወጣሁም ብለውኝ ነበር።”

ጋሽ ደመና መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው።

“ጠብታ አልጨመርኩም፣ ጠብታ አልቀነስኩም” አለ። “ሰዓቱን ብቻ ነው ያዛወርኩት። ልጁ ንጹሕ ነው፤ በኔ ጦስ ነው የታሰረው። አስፈታዋለሁ ብዬ ነው። ‘እኔ ነኝ’ ብዬ እንዳልመጣ ደግሞ ልጄ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?”

“ቀሚሱስ?”

ሽማግሌው ተነስቶ የካርታውን ቁምሳጥን ታችኛ መሳቢያ ሳበው። ቀሚሱ ሳይታጠፍ፣ በንጹሕ የካርታ ወረቀት ላይ፣ እንደተኛ ሰው ተዘርግቷል። አንድ እጅጌው ረጅም ነው፤ ሌላው የለም።

“ማክሰኞ ጠዋት ዳመናውን አይቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ካፊያው ሲጀምር ወጥቼ ዝም ብዬ ሄድኩ፣ እግሬ እንዳመራኝ። ሲያባራ እዚያ ሱቅ መስኮት ላይ አየሁት። ተዘግቷል፤ መቀስ ጎኑ ተቀምጧል፣ እጁ ተቆርጧል። ልጄ የሸጠችው መሰለኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስሟን አናነሳም፤ እኔ እሷን እንዳላስከፋ፣ እሷ እኔን እንዳታስከፋ፣ ዝም እንዳልን ኖርን። እጄ ቀደመኝ። በጃንጥላዬ ሰበርኩት። ዝናብ ልብሴ መስታወቱ ላይ ተቀደደ፤ በማግሥቱ በአዲስ ተካሁት።”

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ጋሼ” አለ ኢንስፔክተሩና የሰማውን ሁሉ ነገረው፤ ስለ ስጦታው፣ ስለ መሐላው፣ ሰኞ ሱቁ ውስጥ ማን ስለ ማን እንደጮኸ።

ጋሽ ደመና መሳቢያውን ይዞ ቁጭ አለ። ወለሉ ላይ። ኢንስፔክተሩም ሆዱን ተሸክሞ ጎኑ ተቀመጠ፤ ሰው ብቻውን የሚያለቅስበት ክፍል አልነበረም።

*

ጣቢያው ውስጥ መካኒኩ ሲፈታ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ከአፉ የወጣው ግን “ይቅር በለኝ፣ ልጄ” ብቻ ነው።

መካኒኩ ጭንቅላቱን አከከ። “አባባ፣ ሳያልቅ አዩት? ሲያልቅ እኮ ያምራል። እኔም መጀመሪያ እንደርስዎ ነበር የደነገጥኩት።” ከዚያ አቀፈው።

ኢንስፔክተሩ የሁሉም ወዳጅ መሆን አልቻለም። “ጋሼ፣ ልብስ ሰፊዋ ይቅር ብላለች፤ መስታወቱን ያስገቡላታል። የውሸቱን ዝናብ ግን እኔ ልሰርዘው አልችልም። ሰኞ ቃልዎን ይሰጣሉ፤ መሥሪያ ቤትዎም ያውቃል።”

“ሰኞ ራሴ እመጣለሁ። ትክክለኛውን መስመር ይዤ።”

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ነበሩ። አዲሱ መስታወት ገና ማጣበቂያው ይሸታል። ሙሽሪት ቀሚሱን ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች፤ አንዱ እጅጌ እስከ ክርን፣ ሌላው እስከ አንጓ። አባቷን ቀና ብላ ለማየት ቆየባት።

“አባዬ፣ ካልፈለግህ ሰፊዋ ያጠረውን መልሳ ትቀጥለዋለች። እንደ እማዬ አድርጌ እለብሰዋለሁ። አንተ ያልከው ይሁን።”

እማዬ የሚለው ቃል በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከተነገረ ስንት ጊዜው ነው። ጋሽ ደመና ልጁን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

“እናትሽ ቁመቷ እዚህ ድረስ ነበር” አለና እጁን ከፍ አድርጎ አሳየ። “ይህ ረጅም እጅጌ በለበሰችው ቁጥር ወጥ ውስጥ ይገባባት ነበር። የሠርጋችን ቀን ራሱ ሦስት ጊዜ ነከረችው። ‘ባሳጠርኩት’ ስትል ዕድሜዋን ጨረሰች።”

ሙሽሪት እየሳቀች አለቀሰች። እሱ ወደ ጠረጴዛው ሄደና መቀሱን አነሳ። ልብስ ሰፊዋ ሙሽሪት ክንድ ላይ ጨርቁን ወጥራ ያዘችለት።

“ከዚህ?”

“ከዚህ፣ አባዬ።”

ነጥብ በነጥብ መስመር እንደሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ቆረጠው።